ሲጠሩት የሚመጣ ሞጁል

ሊኑክስ የተባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት ከሚያስመሰግኑት ነገሮች አንዱ፣ የሥርዓቱ አስኳል የሆነው ከርነል የሚሻውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ሳይሸከም፣ በመቱ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በበደሌ ሱቅ አንድ የኢንተርኔት ሞደም በተሰካ ጊዜ የመሣሪያውን መታወቂያ ቁጥር አንብቦ ለእርሱ የተጻፈውን ሞጁል፣ ማለትም ተቀጥላ የከርነል ክፍል፣ ብቻ መጥራቱ፣ ሥራው ሲፈጸምም ማሽኑ ሳይጠፋ ሊያሰናብተው መቻሉ ነው።

እኔ ግን አብልጬ የማደንቀው ፕሮግራሞች በጥቅል የሚታደሉበትን የፓኬጅ ሥርዓት ነው። በ1993 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የሊኑክስ ስርጭት ደብያን የሚያድለው እያንዳንዱ ፓኬጅ የትኞቹን ረድኦች (አጋዥ ፓኬጆች) እንደሚሻ በግልጽ ስለሚናገር፣ አፕት የተባለው መሣሪያ ሁሉን በየተራው ሰብስቦ፣ የፓኬጆቹን መዝገብ ማኅተምም መርምሮ ይተክላል፤ አቢሲኒካ የተሰኘው የግዕዝ ፊደል ቅርጽ እንኳ ከዚያው መዝገብ በአንዲት ትእዛዝ ይገኛል። ዝናም በማይታክተው በኢሉባቦር የኢንተርኔት መስመሩ ሲደክም ደግሞ፣ አፕት ሳይተክል እንዲያወርድ ብቻ ቢታዘዝ ፓኬጆቹን በማከማቻው ስለሚያኖር፣ በመቱ የወረደው በፍላሽ ተጭኖ ጎሬ ላይ ያለ ኢንተርኔት ሊተከል ይችላል፤ (ይህን ያላወቀ ተማሪ ሌሊቱን መስመር ሲጠብቅ ያድራል!) ነገር ግን በመቱው ማሽን ላይ ቀድሞ የተተከለ ረድእ ዳግመኛ ስለማይወርድ፣ የጎሬው ማሽን የጎደለውን በስሙ ጠርቶ፣ እስኪመጣለት ድረስ ሥራውን ያቆያል።