ሮኬቱን አየን፤ መሐንዲሶቹስ የት ናቸው?

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሳተላይቷን አመጠቀች። ዜናውን ታስታውሱት ይሆናል፤ ያኔ ትንንሽ ልጆች ከነበራችሁም ቪዲዮውን ኋላ አይታችሁታል። እሳት እየተፋ የሚወጣ ሮኬት፣ የሚያጨበጭቡ ሰዎች፣ ባንዲራ፤ በቃ፣ ታሪኩ እዚያ ላይ አለቀ። ዛሬ መተቸት የምንፈልገው ይህንን አተራረክ ነው።

ለምን ቢባል፣ ደጋን ወይም ደሴ ሆናችሁ ነገ ምን ልማር ብላችሁ ስታስቡ፣ የምትመርጡት በተነገራችሁ ታሪክ ልክ ነው። ታሪኩ ሮኬት ብቻ ከሆነ፣ «ይህ ለእኛ አይደለም» ብላችሁ ትተዉታላችሁ።

መጀመሪያ እውነታውን እንይ። ሳተላይቷ ኢቲአርኤስኤስ-1 ትባላለች፤ ክብደቷ 72 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። የተነሣችው ከቻይናው ታይዩዋን ማምጠቂያ ጣቢያ፣ በሎንግ ማርች 4ቢ ሮኬት ነው። ሮኬቱም የእሷ ብቻ አልነበረም፤ ዋናው ጭነት ቻይናና ብራዚል አብረው የሠሩት ሌላ ሳተላይት ነበር። ታዲያ አስቡት፦ በዜናው ሁሉ ፊት ለፊት የተቀመጠው ምስል እኛ እጃችንን ያላስገባንበት ክፍል ነው። የኢትዮጵያ መሐንዲሶች የተሳተፉት ከቻይናውያን ጋር በሳተላይቷ ዲዛይንና ግንባታ፣ ከዚያም እንጦጦ ካለው ጣቢያ ሆኖ በመቆጣጠሩ ሥራ ነበር። እነሱን ያየናቸው ግን ለቡድን ፎቶ ሲቆሙ ነው፤ ሲሠሩ አላየናቸውም።

ሥራውስ ምንድን ነው? ሳተላይቷ የምትዞረው 628 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው። በዚያ ከፍታ አንድ ዙር 97 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፤ በቀን 15 ዙር ያህል ማለት ነው። አንድ የምድር ጣቢያ ግን ሊያያት የሚችለው በላዩ በምታልፍባቸው ጥቂት ዙሮች ብቻ ነው፤ ያውም በእያንዳንዱ ቢበዛ ለ13 ደቂቃ። የቀረውን ሰዓት ብቻዋን ናት። በየዙሩ እስከ 35 ደቂቃ በምድር ጥላ ውስጥ ትገባለች፤ ያኔ የምትኖረው በባትሪ ነው። ባትሪው ቢደክምስ? አቅጣጫዋ ቢዛባስ? የሚደውልላት ሰው የለም። ስለዚህ ሳተላይቶች አደጋ ሲሰማቸው ካሜራቸውን አጥፍተው፣ የፀሐይ ሰሌዳቸውን ወደ ፀሐይ አዙረው፣ ከምድር ትእዛዝ እስኪመጣ እንዲጠብቁ ተደርገው ይሠራሉ። ሴፍ ሞድ ይሉታል። የሕዋ ሮቦቲክስና አውቶሜሽን ማለት በአብዛኛው ይሄ ነው፦ እኛ በሌለንበት ማሽኑ ምን ያድርግ የሚለውን አስቀድሞ ማሰብ።

ሁለተኛው ትችታችን «ሳተላይቷ ሁሉን ታያለች» በሚለው አባባል ላይ ነው። የካሜራዋ አንድ ነጥብ መሬት ላይ 13.75 ሜትር በ13.75 ሜትር ይሸፍናል። እስቲ ወደ ደጋን እናምጣው። አንድ ጥማድ መሬት፣ ማለትም ሩብ ሄክታር ማሽላ፣ በምስሉ ላይ 13 ነጥብ ገደማ ነው የሚሆነው። የማሽላውን ቅጠል አታይም፤ በሬውንም አታይም። የቃሉ ወረዳ ማሳ በጠቅላላው ዘንድሮ ከአምናው ይልቅ ለምልሟል ወይስ ደርቋል የሚለውን ለመለየት ግን ይበቃል። ይህን በግልጽ መናገር ሳተላይቷን አያሳንሳትም፤ እንዲያውም ለምን እንደምትጠቅም የሚገባን ያን ጊዜ ነው።

በዚህ ጥፋት እኛ ብቻ አይደለንም። ኦፖርቹኒቲ የተባለችው የማርስ ሮቦት ለ90 የማርስ ቀናት ታስባ ጥር 1996 ዓ.ም. አረፈች፤ ከ14 ዓመት በላይ ሠርታ፣ 45 ኪሎ ሜትር ተጉዛ፣ ሰኔ 2010 ዓ.ም. በአቧራ ማዕበል ውስጥ ዝም አለች። ዓለም ያለቀሰው «ባትሪዬ እያለቀ ነው፣ እየጨለመም ነው» በሚል ኑዛዜ ነበር። ሮቦቷ ግን እንዲህ ብላ አታውቅም፤ የላከችው የቀረውን ኃይልና የሰማዩን ጨለማ የሚናገሩ ቁጥሮችን ነው። ቃሉ አንድ ጋዜጠኛ በራሱ አነጋገር ያስቀመጠው ነው። ልብ የሚነካ ነገር ነው፣ አንክድም። ነገር ግን ቁጥሮቹን አንብበው «ይህ ማለት እንዲህ ነው» ያሉት መሐንዲሶች ከታሪኩ ወጡ።

ፍርዳችን ሚዛናዊ እንዲሆን አንድ ነገር እንጨምር። «ቻይና ሠርታ የሰጠችን ነው፣ ምን ያኮራል?» የሚለው ፌዝም ከፉከራው አይሻልም። ሁለቱም የሚያዩት ባለቤትነትን ብቻ ነው፤ ማን ምን ተማረ ብለው አይጠይቁም። ታኅሣሥ 13 ቀን 2013 ዓ.ም. ሁለተኛዋ፣ ኢቲ-ስማርት-አርኤስኤስ፣ ስትመጥቅ መጠየቅ የነበረበት ይህ ነበር፦ ከመጀመሪያዋ ያገኘነው ትምህርት የትኛው ነው? ምን ተበላሸ፣ እንዴትስ ተስተካከለ? ሳተላይት ዕድሜዋ ያልቃል። የሚተርፈው የሠሩት ሰዎች እውቀት ነው፤ እሱም ካልተጻፈ ከሰዎቹ ጋር ይሄዳል። አንድ ጀማሪ መሐንዲስ ሌሊት ቁጭ ብሎ ያረመው ስሕተት በአማርኛ ቢጻፍ፣ ከመቶ የሮኬት ቪዲዮ የበለጠ ለእናንተ ያስተምራል።

«እሺ፣ እኛስ ምን እናድርግ?» ትሉ ይሆናል። ትምህርቱ የሚጀምረው ሕዋ ላይ አይደለም። ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት፤ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተቋምም እዚያው ነው። ፋብሪካ ውስጥ ታንከሩ ሲሞላ ራሱን የሚያጠፋ ፓምፕ አለ እንበል። ያ ትንሽ አውቶሜሽን ነው። አሁን እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ ውኃውን የሚለካው ሴንሰር ቢበላሽና ሁልጊዜ «ባዶ ነው» ቢል ፓምፑ ምን ያደርጋል? ውኃው ሲፈስ ያድራል ወይስ ከተወሰነ ሰዓት በኋላ ራሱ ያቆማል? ሁለተኛ ሴንሰር ይጨመር? ሁለቱ ባይስማሙ የቱ ይታመን? ይህን ጥያቄ በደንብ የመለሰ ልጅ የሳተላይት መሐንዲስ የሚያስበውን ማሰብ ጀምሯል።

የሚቀጥለው ሳተላይት ሲመጥቅ ሮኬቱን እዩት፤ ደስ ይላል። ጭሱ ሲበተን ግን ቴሌቪዥኑን አታጥፉ። እንጦጦ ያለው ጣቢያ የመጀመሪያውን ምልክት የሚጠብቀው ከዚያ በኋላ ነው፤ ጠይቁ፦ ማን ነው ኮምፒውተሩ ላይ የተቀመጠው? ምንስ እያነበበ ነው?