ሰማንያ የሚለው ካርድ

ያገለገለ ግራፊክስ ካርድ ሲሸጥ ክርክሩ ሁሌ ወደ አንድ ቁጥር ይመጣል። ጂፒዩ-ዚ በምትባለው ትንሽ ፕሮግራም ውስጥ «ኤሲክ ኳሊቲ» የሚል ንባብ አለ፤ ሻጭና ገዢ በቴሌግራም የሚላላኩት የዚያን ፎቶ ነው። ከወደራ እስከ ሞያሌ የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብሩ ልጆች ነገሌ ወዳለው ሱቄ ሲመጡም ጥያቄያቸው ያው ነው፦ «ጋሼ፣ 80 ፐርሰንት የሚለውን ይስጡኝ።»

ቁጥሩ በዋናነት የሚናገረው ቺፑ ምን ያህል ኤሌክትሪክ እንደሚያፈስ ነው። ከአንድ የሲሊከን ዝርግ የተቆረጡ ቺፖች ከአንድ ቡሆ እንደተጋገሩ እንጀራዎች ናቸው፤ ዓይናቸው አንድ አይወጣም። የአንዱ ትራንዚስተሮች ፈጣን ሆነው ይወጣሉ፤ በትንሽ ቮልቴጅ ይሮጣሉ፣ ሥራ ፈተው በተቀመጡበትም ግን ያፈሳሉ። የሌላው ዘገምተኛ ናቸው፤ ብዙ ቮልቴጅ ይጠይቃሉ፣ የሚያፈሱት ግን ትንሽ ነው። ንባቡ ከፍ ሲል የፊተኛው ዓይነት ነው ማለት ነው።

አንድ ጊዜ ሁለት ጂቲኤክስ 970 ካርዶች ጎን ለጎን አስቀመጥኩ። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ካርድ ነው፤ የኃይል ገደቡ 145 ዋት። አንዱ 80፣ ሌላው 64 ያነባል። ሙሉ ሥራ ላይ ሲሆኑ ባለ 80ው በ1.18 ቮልት፣ ባለ 64ቱ በ1.24 ቮልት ቆሙ። የሚበላው ኃይል ከቮልቴጁ ስኩዌር ጋር ስለሚሄድ፣ በእኩል ፍጥነት ባለ 80ው ከፍሳሹ በፊት ወደ 10 በመቶ የሚጠጋ ይቆጥባል። ጠዋት ላይ ልዩነቱ በደንብ ይታያል፤ ሁለቱም 1,400 ሜጋኸርዝን ሲያልፉ ባለ 80ው ይመራል።

ከቀኑ 8 ሰዓት ግን የቆርቆሮው ጣራ ሲግል ነገሩ ይለወጣል። ፍሳሽ ከሙቀት ጋር ያድጋል፤ ያደገው ፍሳሽ መልሶ ቺፑን ያሞቃል። ካርዱ 80 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ፍጥነቱን በ13 ሜጋኸርዝ እርከን እያወረደ ይሄዳል። ጠዋት ሲመራ የነበረው ባለ 80ው ብዙ የሚያጣው ያኔ ነው፤ ባለ 64ቱ እየተነፈሰም ቢሆን ይጠጋዋል።

የአዲስ አበባ ነጋዴዎች «ቆላ ለካርድ አይሆንም» ይላሉ። ግማሹ እውነት ነው። እነሱ 2,300 ሜትር ላይ በቀዝቃዛ ግን በሳሳ አየር ይሠራሉ፤ ነገሌ ወደ 1,500 ሜትር ገደማ ስለሆነ አየሩ ቢሞቅም ወፈር ይላል፣ ፋኑም በአንድ ዙር የሚገፋው ይበዛል። በክፍላችንና በክፍላቸው መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት እንዳለ ወደ ቺፑ አይተላለፍም።

ቁጥሩም ቦታውም ብቻቸውን ሁሉን ስለማይናገሩ፣ ኦቨርክሎክ (ከተመደበለት ፍጥነት በላይ ማስሮጥ) ለመፈተን የምጠቀመው የደንበኛውን የራሱን የሠርግ ቪዲዮ ነው። ፈርማርክ የሚባለው መፈተኛ ፕሮግራም ካርዱን ቶሎ ወደ ኃይል ገደቡ ያደርሰውና ፍጥነቱን ራሱ ይጥለዋል፤ የሚነግረኝ ስለ ፋኑ ብቻ ነው። ጌም ላይ አንዲት ነጥብ ብልጭ ብትል ማንም አያያትም። የሦስት ሰዓት ቪዲዮ ኤክስፖርት መጨረሻው ላይ ሲቋረጥ ግን ሙሽራዋም ትደውላለች። አፍተርበርነር በሚባለው ማስተካከያ ፕሮግራም የኃይል ገደቡን ዝቅ፣ የፍጥነቱን መጨመሪያ ከፍ አደርጋለሁ፤ 970 ባለበት በማክስዌል ትውልድ ላይ ቮልቴጁን በተዘዋዋሪ ማውረጃው ይሄ ነው። ሰላሳና አርባ ሜጋኸርዝ ቀርቶብኝ ፋኑ ጸጥ ቢል እመርጣለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2016 ከመጣው ከፓስካል ትውልድ ጀምሮ ላሉ የኤንቪዲያ ካርዶች ጂፒዩ-ዚ የኤሲክ ኳሊቲን ንባብ አያሳይም። በእኔ ግምት የሚቆጭ ነገር የለውም፤ በምትኩ ለእያንዳንዱ ቮልቴጅ ፍጥነቱን ለብቻ የምናስተካክልበት ከርቭ መጣልን፣ ቺፑም ማንነቱን ራሱ ይናገራል። የምሸጠው ካርድ ጀርባ ላይ በወረቀት ፕላስተር «1.10 ቮልት፣ 1,300 ሜጋኸርዝ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት» ብዬ እለጥፋለሁ። ፐርሰንቱን ካልነገርከኝ ብሎ ድርቅ ለሚል ደግሞ ከሥሩ በእርሳስ እጽፍለታለሁ።