ጥርሷን በሙሉ?

ክሊኒካችን አዲስ የገባች ወጣት ሐኪም፣ «ዶክተር፣ ጥርሷን በሙሉ ከነቀልንላት በምን ልትበላ ነው?» አለችኝ። ድመት ድሮም አላምጣ አትበላም፣ ቆርጣ ትውጣለች፤ አፏ ከዳነላት ደረቁን ምግብ ሳይቀር ትበላዋለች። እኔን የሚያሳስበኝ ጥርሷ እያለ ጾሟን የምታድረው ናት።

እንዲህ ያለችው ድመት ምግብ አላስጠላትም። ርቧት ወደ ሳህኑ ትሮጣለች፣ አንዴ ትጎርሳለች፣ ከዚያ ጮኻ አፏን በእጇ እየቧጨረች ሶፋ ስር ትገባለች። ድዷን ብቻ አይቶ «ቆሻሻ ነው፣ ይጠረግ» የሚል ሐኪም ያናድደኛል። ከመጨረሻው ጥርስ ጀርባ፣ ከምላሷ ግራና ቀኝ ያለውን እዩ እንጂ! እዚያ ሥጋው እንደ እንጆሪ ቀልቶና አብጦ፣ ሲነኩት ከደማ፣ ተራ የድድ በሽታ አይደለም። የገዛ መከላከያዋ ጥርሷ ላይ የሚያርፈውን ባክቴሪያ መታገስ አቅቶታል። ካሊሲ ቫይረስም ብዙ ጊዜ ከጀርባው አለ፤ ድመት በበዛበት ቤት በሽታው የሚበረታውም ያለ ምክንያት አይደለም።

ጠቤ ከኮርቲዞን መርፌ ጋር ነው። ወጉና በማግስቱ ትበላለች፣ ባለቤቷም ይመርቁዎታል። ከሳምንታት በኋላ ተመልሳ ትመጣለች፣ ደግሞ ትወጋለች፤ በዚህ መሀል ስኳር በሽታ የያዛት ስንቷ ናት! በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ የ95 ድመቶች ጥናት ግን፣ ጥርሳቸው ከተነቀለላቸው ከሦስቱ ሁለት ያህሉ ወይ ፈጽሞ ድነዋል ወይ በጣም ተሽሏቸዋል ይላል። ለቀሩት ሳይክሎስፖሪንን የመሰለ መድኃኒት አለ፤ መጀመሪያ ግን ጥርሱ ይውጣ።

ይውጣ ስል ከነሥሩ ነው። ባለ ሦስት ሥሩን የላይኛ መንጋጋ በድሪል ሳይከፍል በጉጠት የሚታገል ሰው፣ ሥሩን ሰብሮ ድዱን ይሰፋበትና «ነቅያለሁ፣ አልዳነችም» ይላል። ራጅ ሳያነሳ የሰፋ ሰው ነቅያለሁ አይበለኝ።

እኔ ቢሾፍቱ ስማር ሕክምናው የበሬና የላም ነበር። አባቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ገበሬ ነበሩ፤ «የድመት ጥርስ ነቅለህ ሰው ይከፍልሃል?» ብለው እስኪያነቡ ሳቁ። ላም ብትድን ወተቷ ይለካል። የድመት ግን ልኳ ፀጉሯ ነው፤ አፏ የታመመ ገላዋን አትልስም፣ ጀርባዋ ይቋጠራል፣ ለሀጯ ደረቷ ላይ ይደርቃል። ለክትትል ስትመጣ አፏን ከመክፈቴ በፊት እጄን ጀርባዋ ላይ አሳልፋለሁ። ለስልሶ ካገኘሁት ያን ቀን ማንም አያስከፋኝም።