ስታኒስላው ሆይናትስኪና የሥዕላችን ምርምር

ከ1915 እስከ 2010 እ.ኤ.አ. የኖሩት ፖላንዳዊው ምሁር ስታኒስላው ሆይናትስኪ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋምን ቤተ መጻሕፍትና ሙዚየም ካደራጁት አንዱ ነበሩ። በ1983 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ ከ13ኛው እስከ 19ኛው ምእተ ዓመት የተሣሉትን ሥዕሎቻችንን መርምረዋል። የቢዛንታይን ፈለግ ያላት በሮም የሳንታ ማሪያ ማጆሬ ሥዕል እንኳ ኢትዮጵያ ስትደርስ በሚካኤልና በገብርኤል ታጅባ አገራዊ መልክ ይዛለች። ሥዕላችን ባዶ ቅጂ አለመሆኑን በማስረጃ ማሳየታቸው ታላቅ ፍሬ ነው። ይሁንና ንጽጽሩ አዘውትሮ ከባዕድ አብነት ስለሚነሣ፣ የሠዓሊውና የምእመኑ አስተሳሰብ ከበስተኋላ ይቀራል። ይህን መሙላት የእኛ ፈንታ ነው፤ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በገጠሩ የምታስተምሩ መምህራን ሆይ፣ የመቅደሱ ሥዕል በእድሳት ሳይሸፈን ትርጓሜውን ከካህናቱ ጠይቃችሁ መዝግቡ።