«ያጽናችሁ»፦ በልደታ ለቅሶ ቤት የመጽናናት ትርጉም

አዲስ አበባ፣ ልደታ ሰፈር ውስጥ ለቅሶ የሚደርስ ሰው ብዙ አይናገርም። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብሎ አግዳሚው ላይ ይቀመጣል። ሞቱ ለምን እንደመጣ ማስረዳትም ሆነ ሐዘኑ መቼ እንደሚያልፍ መተንበይ ማንም አይጠብቅበትም። ይህች አጭር ቃል ግን ከብዙ ረጅም ስብከት የበለጠ ነገረ መለኮት ይዛለች ባይ ነኝ።

«ማጽናናት» የተገኘው «ጸና» ከሚለው ነው። ሐዘንተኛው ይርሳ አይባልም፤ ከነሐዘኑ እንዲቆም ነው የሚለመንለት። ቃሉ ውስጥ «ና» ሁለቴ መምጣቱን «ደጋግሞ ማጽናት» ብለን ብናነበውም ከሥሩ የራቅን አይመስለኝም። በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 14 መንፈስ ቅዱስን «አጽናኝ» ይለዋል። ግእዙ በበኩሉ የግሪኩን ቃል ሳይተረጉም «ጰራቅሊጦስ» ብሎ ወስዶታል። ግእዝ ቃል ቸግሮት አይደለም፤ «ናዘዘ» ነበረው፣ አጽናና ማለት ነው። የዚህ ግስ ዕጣ ይገርማል። ዛሬ «ኑዛዜ» ስንል ወይ ለንስሐ አባት የሚነገር ኃጢአት ነው፣ ወይ የውርስ ቃል። ልደታ ፍርድ ቤት ደጃፍ ከሆነማ የሚታሰበን ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ነው። ማጽናኛ የነበረው ቃል የጠበቃ ፋይል ውስጥ ገባ።

የሰፈሩ ስምም ከነገሩ አይርቅም። ልደታ ማርያም የምትነግሠው የእመቤታችን ልደት በሚታሰብበት በግንቦት 1 ነው። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ትውፊት ኢያቄምና ሐና ልጅ አጥተው ሲያዝኑ የኖሩ ባልና ሚስት ናቸው፤ ልጃቸውም የተወለደችው ከቤት ውጭ፣ በሊባኖስ ተራራ ነው። ጎረቤት በዚያ ቀን ደጅ ወጥቶ ንፍሮ የሚቀቅለው፣ ቡና የሚያፈላው ይህን ይዞ ነው። ስንዴው፣ ሽምብራውና ባቄላው በአንድ ድስት ይንተከተካል። ያው ጎረቤት፣ ምናልባትም በዚያው ድስት፣ ለለቅሶ ቤትም ንፍሮ ይቀቅላል። ሐዘንተኛዋ «አልበላም» ብላ ፊቷን ስታዞር አጠገቧ ያለችው ሴት ትኩሱን እፍኝ መዳፏ ላይ ታደርግላትና «በሞቴ፣ አንዲት ፍሬ» ትላታለች። የእግዚአብሔር ጠባቂነት ልደታ ውስጥ ምን ይመስላል ብሎ ለሚጠይቀኝ ከዚህ እፍኝ የተሻለ ማስረጃ የለኝም።

ሆኖም ለቅሶ ቤት የሚነገረው ሁሉ ያጸናል ማለት አይደለም። «አታልቅሺ፣ እግዚአብሔርን ታስቀይሚያለሽ» የሚል አጽናኝ ሞልቷል። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት መሬት ላይ አብረውት ሲቀመጡ ደግ አጽናኞች ነበሩ፤ የተበላሹት አፋቸውን ከፍተው ምክንያት መደርደር ሲጀምሩ ነው። ክርስቶስም አልዓዛርን እንደሚያስነሣው እያወቀ አልቅሷል። እንባ እምነት ማነስ ቢሆን ኖሮ ወንጌላዊው ይህን ባልጻፈው። «እሱ ያውቃል» የሚለውም ሐዘንተኛው ራሱ ሲለው ጸሎት ነው። ጠያቂው ሲቸኩልበት ግን አብዛኛውን ጊዜ የወሬ መዝጊያ ነው።

ከዚህ ይልቅ የቤተ ክርስቲያኗ የቀን አቆጣጠር ሐዘንን በደንብ ያውቀዋል። ሠልስት፣ ዐርባ፣ ሰማንያ፣ ሙት ዓመት፤ ለሟች ነፍስ እየተጸለየ የቋሚው ሐዘን በቀብር ማግስት እንደማያልቅም አብሮ ይነገራል። «ና» የተደጋገመችው ለዚህ ነው ብል ሰዋስው አዋቂ ይስቅብኝ ይሆናል።

ከ2000 ዓ.ም. በኋላ ያረጁት የልደታ መንደሮች ፈርሰው ኮንዶሚኒየም ሲቆም ብዙ ጎረቤት ወደ ከተማው ዳር ተበተነ። ድንኳኑ አሁን ሕንፃው ሥር፣ መኪና ማቆሚያው ላይ ይጣላል፤ ዕድሩም ወንበሩን ያመጣል። በሠልስቱ ድንኳኑ ሲነሣ ግን ሐዘንተኛዋ አራተኛ ፎቅ ወጥታ በሯን ትዘጋለች፤ እንደ ድሮው በአጥር በኩል «እንዴት አደርሽ» የሚላት የለም። አንባቢዬ፣ በቅርቡ ለቅሶ ደርሰህ ወይም ደርሰሽ ከሆነ ደረጃውን አንድ ጊዜ ውጡት፤ ዐርባው ገና ነው።