«አስኒ»፦ ከዝናው በስተጀርባ ያለው ሥራ

ስለ ከያንያን ሕይወት የሚሠሩ ፊልሞች አንድ የተለመደ መንገድ አላቸው፤ ወጣቱ ከያኒ ይቸገራል፣ ይንገላታል፣ በመጨረሻም አዳራሹ በጭብጨባ ይናጋል። በችግሩና በጭብጨባው መካከል ያለው የሥራ ዘመን ግን ብዙ ጊዜ ተዘሎ ይታለፋል። ራሔል ሳሙኤል ስለ አርቲስት አስናቀች ወርቁ ያዘጋጀችውና እ.ኤ.አ. በ2013 ለሕዝብ የቀረበው «አስኒ» የተሰኘው ዘጋቢ ፊልም ከዚህ ጉድለት ምን ያህል ድኗል?

ፊልሙን በገፈርሳ ከመምህራንና ከወጣት ከያንያን ጋር ከተመለከትን በኋላ በተደረገው ውይይት ጎልቶ የወጣው አስተያየት፣ አስናቀችን ለዝና ያበቃት መከራዋ ነው የሚል ነበር። አስተያየቱ በዝምታ የሚታለፍ አይደለም።

የፊልሙ ዋነኛ ጥንካሬ ባለታሪኳ በራሷ አንደበት እንድትናገር ማድረጉ ነው። በሕፃንነቷ እናቷን ያጣችው አስናቀች ስላለፈው ዘመኗ ስታወጋ የማንንም ርኅራኄ አትለምንም። የሴት ገጸ ባሕርያትን ወንዶች ይጫወቱ በነበረበት ዘመን ወደ መድረክ ከወጡት የመጀመሪያዎቹ ተዋንያት አንዷ ናት፤ ስለዚህ ድፍረቷ የግል ጠባይ ብቻ ሳይሆን ለሴት ከያንያን ሁሉ በር የከፈተ እርምጃ ነበር። የገጠማት ኅብረተሰብ ማታ ያጨበጨበላትን ከያኒት በማግስቱ «አዝማሪ» ብሎ የሚንቅ ነበር። የችግሯ ሥር በይበልጥ መፈለግ ያለበት በዚህ ኋላ ቀር አመለካከት ውስጥ ነው።

ይሁን እንጂ የፊልሙ የእንግሊዝኛ ርዕስ ድፍረትን፣ ስሜትንና ውበትን ሲጠቅስ አራተኛውን ቃል፣ ሥራን፣ ዘንግቶታል። ክራርን በግል ጥረቷ የተማረችው ወጣት ጣቶቿን እንዴት አሠለጠነች? የትያትር ልምምዱስ ለዘፈኗ ምን ጨመረላት? ለእነዚህ ጥያቄዎች ሰፋ ያለ ቦታ ሊሰጣቸው በተገባ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 በ«ኢትዮፒክስ» 16ኛ ቅጽ የወጡትን ዜማዎቿን ያዳመጠ ሰው መልሱን በከፊል ያገኘዋል፤ ክራሩ ተከታይ አጃቢ ሳይሆን ከድምፅዋ ጋር የሚነጋገር ሁለተኛ ተራኪ ነው። እንዲህ ያለው ቅንጅት የልምምድ እንጂ የመከራ ፍሬ አይደለም።

ጉዳዩ ከአንድ ፊልም በላይ ነው። ወጣቱ ተሰጥኦን መከራ ይወልደዋል ብሎ ካመነ፣ ራስን መጣልን የከያኒነት ምልክት ያደርገዋል፤ ኅብረተሰቡም ከያኒውን እየበደለ ኅሊናው አይወቅሰውም። የገፈርሳን ውሃ የሚጠጣው የአዲስ አበባ ነዋሪ ግድቡን እንደማያስታውስ ሁሉ፣ አድማጭም ከዜማው በስተጀርባ ያለውን ድካም አያስብም። ይህን ድካም ማሳየት የሕይወት ታሪክ ፊልም ተግባር ነው።

አስናቀች በመስከረም 2004 ዓ.ም. ዐርፋለች። መምህራን «አስኒ»ን ለተማሪዎቻቸው ቢያሳዩ መልካም ነው፤ ግን አንድ ክራር ተጫዋች አብረው ይጋብዙ።