«ጠብታ ይዘዙልኝ»

ወደ ዐይን ክሊኒካችን የሚመጣ ሰው ምን እንደሆነ ሲጠየቅ ከሕመሙ አስቀድሞ መድኃኒቱን ይነግረናል፤ «ጠብታ ይዘዙልኝ» ይላል። ዐይኑን የሚያሳክከው ልጅ እናት፣ ዳዊት መድገም ያቃታቸው መነኩሴ፣ በልጃቸው እጅ ተመርተው የገቡ አዛውንት፣ ሁሉም የሚጠይቁት ያንኑ ነው። አይፈረድባቸውም። ጠብታ አያምም፣ ከሥራ አያስቀርም፣ በኪስ ተይዞ ይገባል፤ ጎረቤትም የተረፈውን ያካፍላል። እኔ ግን በዚህ ሥራ በቆየሁ ቁጥር ከቀዶ ሕክምናው ይልቅ የከበደኝ ይህችን ጥያቄ በአግባቡ መመለስ ነው። ጠብታ የሚያድነው ዐይን አለ፤ ጠብታ የማይነካው ዐይን አለ፤ ጠብታ የሚያጠፋው ዐይንም አለ። ሦስቱም ወረፋ ይዘው አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ነው የሚቀመጡት።

ከማይነካው ልጀምር። ዕድሜው አርባን የተሻገረ ሸማኔ፣ ልብስ ሰፊ፣ ምስር የምትለቅም የቤት እመቤት «ዐይኔ ደከመ፣ ያቃጥለኛል» ብለው ይመጣሉ። ዐይናቸው ንጹሕ ነው፤ በስድስት ሜትር ርቀት የተሰቀለውንም ሰንጠረዥ እስከ ታች ይለያሉ። ጽሑፍ ያለበት ወረቀት በእጃቸው ስሰጣቸው ግን ክንዳቸውን ዘርግተው ያርቁታል። ምርመራው እዚያው አለቀ ማለት ይቻላል። ዕድሜ ሲገፋ የዐይን ሌንስ ይጠነክርና የቅርቡን አጥርቶ ማሳየት ይሳነዋል፤ መፍትሔው ዋጋው የማይከብድ የንባብ መነጽር ነው። ሸማኔው መነጽሩን አጥልቆ የራሱን ጥለት አስጠግቶ ሲያይ እንደማየት የሚያስደስተኝ ነገር ጥቂት ነው።

የሞራ ግርዶሽም ጠብታ አይነካውም። በ1998 ዓ.ም የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከኢትዮጵያ ሕዝብ 1.6 በመቶው ዐይነ ስውር መሆኑን፣ ከእነዚህም ግማሽ ያህሉን ለዚህ የዳረገው ሞራ መሆኑን አሳይቷል። ሞራ ማለት በዐይን ውስጥ ያለው ሌንስ መደፍረስ ነው፤ ይወጣና ሰው ሠራሽ ሌንስ ይተካል። እንግሊዛዊው ሐኪም ሃሮልድ ሪድሊ ይህን በ1949 እ.ኤ.አ. ከጀመረው ወዲህ ቀዶ ሕክምናው እጅግ ተሻሽሎ ዛሬ በትንሽ ቀዳዳ፣ ያለ ስፌት፣ በደቂቃዎች ይጠናቀቃል። በማግስቱ ፋሻው ሲነሣ ስለሚሰማው እልልታ ብዙ ተነግሯል። ከዚያ በፊት በጨለማው ክፍል ስለሚሆነው ግን የሚናገር አላየሁም። ብሌኑ የነጣበትን ሁሉ «ይበራልዎታል» ማለት አይቻልም። ባትሪ አብርቼ ብርሃኑን ከአንዱ ዐይን ወደ ሌላው እያመላለስኩ ብሌኑ ሲጠብና ሲሰፋ እከታተላለሁ። ቀጥዬ መብራቱን ከላይ፣ ከታች፣ ከቀኝ፣ ከግራ እያደረግሁ «አሁንስ ከወዴት መጣ?» እላለሁ። ብሌኑ ብርሃን ሲያርፍበት መጥበቡን ትቶ ከሰፋ፣ ታካሚውም አቅጣጫውን መለየት ካቃተው፣ ከሞራው በስተኋላ ያለው ነርቭ ሞቷል ብዬ እሰጋለሁ። ልጆቹ ከብት ሸጠው ያመጡት አባት ሊሆን ይችላል። እውነቱን መናገር ያለብኝ ፋሻው ከመታሰሩ በፊት እንጂ ከተፈታ በኋላ አይደለም።

በእኛ አካባቢ ከሁሉ የሚያሠቃየው ግን የሽፋሽፍት መቀልበስ ነው። በልጅነት ትራኮማ ደጋግሞ የያዘው የዐይን ቆብ ውስጡ ይጠባሰሳል፤ ጠባሳው ሲኮማተር ጠርዙን ወደ ውስጥ ይጠቀልለዋል፤ ያን ጊዜ ዐይን በተርገበገበ ቁጥር ፀጉሩ ኮርኒያውን፣ ያን ጥርት ያለ የፊት ክፍል፣ ይፍቀዋል። በሽታው የሚበዛው በእናቶች ላይ ነው፤ ከሚያቅፏቸው ሕፃናት ዕድሜ ልክ ሲጋባባቸው ኖሯልና። ወረንጦ ይዘው ይነቅሉታል፣ ጎረቤት ለጎረቤት ይነቃቀላሉ፤ ተሰብሮ የቀረው ግን አጥሮና ሹል ሆኖ ይወጋል። እንዲህ ያሉ እናት ቅባት ሲጠይቁኝ ቆባቸውን ገልብጬ ጠባሳውን አብሯቸው ለመጣው ልጅ አሳየዋለሁ። የፀጉሩ አቅጣጫ ካልተለወጠ መድኃኒት ከንቱ መሆኑን ያን ጊዜ ራሱ ያስረዳቸዋል፤ ከእኔ ይልቅ እሱን ይሰሙታል።

የፀጉሩን አቅጣጫ የሚለውጠውን ቀዶ ሕክምና በየጤና ጣቢያው የሠለጠኑ ነርሶች ይሠሩታል። አጭር ስለሆነ ቀላል የሚመስለው ብዙ ነው። ቆቡ ከደነዘዘ በኋላ ከጠርዙ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ ከጠርዙ ጋር ትይዩ ተቆርጦ፣ ጠርዙ ወደ ውጭ ዞሮ ይሰፋል። ያልበሰለ እጅ መሐሉን ቆርጦ ዳርና ዳሩን ይተወዋል፤ በዕለቱ ያምራል፣ ከወራት በኋላ የዳሩ ፀጉር ይመለሳል። ስፌቱ እኩል ካልጠበቀ የቆቡ መስመር ይሰበራል። ቁስሉ ሲሽር መልሶ ስለሚስብ ከሚፈለገው ጥቂት አብልጦ ማዞር ይሻላል። በአማራ ክልል 1,000 ሕሙማን የተሳተፉበትና በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ሁለት ዘዴዎችን አወዳድሮ ነበር። ቆቡን ከዳር እስከ ዳር በሙሉ ውፍረቱ በሚቆርጠው ዘዴ ከተሠሩት 22 በመቶው፣ ከውስጥ በኩል ብቻ በሚቆርጠው ከተሠሩት ደግሞ 13 በመቶው በዓመት ውስጥ ፀጉሩ ተመልሶባቸዋል። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ የተሻለውም ቢሆን ከእጅ ጥንቃቄ ነፃ አያወጣም። ሁለተኛው ቀዶ ሕክምና ጠባሳ በጠባሳ ላይ ስለሆነ ከፊተኛው ይከብዳል። ኮርኒያው ከነጣ በኋላ ደግሞ ቆቡን ማቃናት ውጋቱን ያስታግሣል፣ የሄደውን ብርሃን አይመልስም። በዚህ መካከል ግን የሚያበረታታ ነገር አለ፤ በዓመት አንድ ጊዜ በየቀበሌው የሚታደለው የትራኮማ መድኃኒት አዚትሮማይሲን፣ ሕፃናት በቁመታቸው እየተለኩ የሚውጡት፣ ለስድስት ሳምንት ይቀባ የነበረውን ቅባት ተክቷል። የሕፃናት ፊት በየዕለቱ እየታጠበ ከዐይናርና ከዝንብ ቢጠበቅ የልጆቻችን ትውልድ ወረንጦ አያስፈልገውም ብዬ አምናለሁ።

ወደሚያጠፋው ጠብታ ልምጣ። ይህን ስጽፍ ልቤ ይቃጠላል።

ልጁ ብዙውን ጊዜ ወንድ ነው፤ አምስት፣ ስምንት፣ ዐሥር ዓመት ይሆነዋል። የዐይኑ ነጭ ክፍል ቡናማ ሆኗል፣ ፀሐይ ይሸሻል፣ ቀኑን ሙሉ ዐይኑን ያሻል፣ ዐይናሩ እየተሳበ ይወጣል። የላይኛውን ቆብ ስገለብጠው ጎርበጥባጣ እብጠት ሞልቶታል። በሽታው አለርጂ ነው፤ አይጋባም፣ አብዛኛውን ጊዜም ልጁ ለአካለ መጠን ሲደርስ ይተወዋል። እናቱ ባዶ ጠርሙስ ከመቀነቷ ፈትታ «ይኼኛው ነው የሚሻለው፤ ሌላው ሁሉ አልረዳውም» ትለኛለች። ዴክሳሜታዞን ነው። እውነቷን ነው፤ በሁለት ቀን ማሳከኩን ያጠፋዋል። ሲያቆም ይመለስበታል፣ ደግማ ትገዛለች፤ ያለ ማዘዣ የሚሸጥላት አታጣም፤ እንዲህ እያለ ዓመት ያልፋል።

ይህ ጠብታ ስቴሮይድ ነው። ለሳምንታት ሲጨመር ከሦስት ሰዎች በአንዱ ገደማ የዐይን ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ በአንዳንዱ እጅግ ያሻቅባል። ሲቆይ ሞራም ያመጣል። ግፊቱ የሚያጠፋውን ነርቭ ልጁ አያውቀውም፤ ዐይኑ ነጭ ሆኖለታል፣ ማሳከኩ ቀርቷል፣ እናቱም ዳነ ብላለች። በአለርጂ ምክንያት የሚታወር ልጅ ጥቂት ነው። በአለርጂው መድኃኒት ምክንያት ግን የአንዱ ዐይኑ ነርቭ የነጣበት፣ ሰሌዳውን በጠባብ ቀዳዳ የሚያይ ተማሪ በእጄ ገብቷል፤ ምንም ላደርግለት አልቻልኩም። ስለዚህ ለእንዲህ ያለ ልጅ ሳዝዝ ከመድኃኒቱ ይልቅ ለንግግሩ ጊዜ እሰጣለሁ። በቀዝቃዛ ውሃ የራሰ ንጹሕ ጨርቅ፣ ማሻሸትን መተው፣ ክሮሞግላይኬትን የመሳሰለ ቀስ ብሎ የሚሠራ ጠብታ። ቀስ ብሎ የሚለውን ደግሜ እናገራለሁ፤ ለሳምንታት ሳያቋርጡ ካላደረጉት ምንም አልሠራም ተብሎ ይጣላል። ሕመሙ ሲበረታ ስቴሮይዱን እኔም አዝዛለሁ፤ ለአጭር ጊዜ፣ ግፊቱን እየለካሁ፣ የሚቆምበትን ቀን በወረቀት ጽፌ። የመድኃኒት ቤት ባለሙያዎች ይህን ቢያነቡ አንድ ነገር እለምናቸዋለሁ፤ ባዶ ጠርሙስ አሳይቶ «ይኼን ድገሙልኝ» የሚል ሰው ሲመጣ ግፊቱ የተለካው መቼ እንደሆነ ይጠይቁት።

አውድማ ላይ ገለባ የመታውን ገበሬም ይህ ጠብታ ይበልጥ ይጎዳዋል። በዕፅዋት ጭረት ፈንገስ ገብቶ ኮርኒያው ከቆሰለ ስቴሮይድ ቅላቱን እየደበቀ ቁስሉን ያሰፋዋል፤ ዐይኑ እስኪበሳ ድረስ።

የሚያድነው ጠብታ ደግሞ ማንም የማይጠይቀው ነው። የግላኮማ ጠብታ ማለቴ ነው፤ ግላኮማ አብዛኛውን ጊዜ አያምም። የዐይን ግፊት ከ10 እስከ 21 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ከሚደርሰው ከተለመደው ልክ አልፎ ሲቆይ፣ በአንዳንድ ሰው ደግሞ ሳያልፍም፣ ነርቩ ቀስ እያለ ይሞታል። እይታው እንደ አሮጌ ምንጣፍ ከዳር ይበላል፤ መሐሉ እስከ መጨረሻው ስለሚቆይ ሰውየው ሳንቲም ይለያል፣ ሰው ያውቃል፣ ግን በሩን በትከሻው ይገጨዋል። እኛ ጋር በተለይ በአዛውንቶች ላይ ደጋግመን የምናየው ዓይነት አለ፤ በመመርመሪያው ማይክሮስኮፕ ሲታይ በብሌኑ ጠርዝ ላይ ነጭ ብናኝ አርፏል። ያን ባየሁ ጊዜ ለመነጽር የመጣውንም ሰው ግፊቱን ሳልለካ አልለቀውም።

ከዚያ ክርክሩ ይጀመራል። «ዶክተር፣ ምንም አላመመኝም እኮ። ዕድሜ ልኬን?» አዎ፣ አባቴ፣ ዕድሜ ልክዎን፤ የሄደውን ለመመለስ ሳይሆን የቀረችውን ለማቆየት። ጠብታ ሊያጠራው የማይችለውን ሞራ ይዞ ጠብታ የሚለምነኝ ሰው፣ ጠብታ የሚያተርፈውን ዐይን ይዞ የሚከራከረኝ ሰው፣ ሁለቱም በአንድ ጠዋት ይመጣሉ። ጠበል ለሚሄዱት ጠበሉንም ጠብታውንም ይያዙ እላለሁ። በጾም ወራት ጉሮሮዬ ውስጥ ይገባል ብለው ለሚያቋርጡት ሰዓቱን ጎሕ ሳይቀድና ከማታው ማዕድ በኋላ እናደርገዋለን፤ ቲሞሎል በቀን ሁለቴ ስለሆነ ይመቻል። ቲሞሎል ከማዘዜ በፊት ግን አስም እንዳለባቸው እጠይቃለሁ፤ ጠብታ ከዐይን አልፎ ሳንባና ልብ ይደርሳልና።

አጠቃቀሙን በቃል ማስረዳት አይበቃም። ጠርሙሱን ሰጥቼ «እስቲ እዚሁ ያድርጉት» እላለሁ። አንዱ ግንባሩ ላይ ያንጠባጥባል፣ ሌላው ጫፉን ዐይኑ ላይ ያስነካል፣ ሌላው ይበርታ ብሎ ሦስት ያከታትላል። የታችኛው ቆብ ከአንድ ጠብታ በላይ አይዝም፤ ትርፉ ጉንጭ ላይ ይፈሳል። ቆቡን ወደ ታች ስቦ አንዲት ብቻ፣ ከዚያ ዐይን ጨፍኖ በአፍንጫ በኩል ያለውን ጥግ በጣት ጫን አድርጎ ሁለት ደቂቃ መቆየት። ሁለተኛ ዓይነት ጠብታ ካለ አምስት ደቂቃ ይጠበቃል። እጃቸው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ የልጅ ልጃቸውን ጠርቼ አስተምረዋለሁ፤ ሕፃናት ሰዓት በማክበር ከአዋቂ ይሻላሉ።

በቀጠሮ ቀን ጠርሙሱን ባዶም ቢሆን ይዘው እንዲመጡ አደርጋለሁ። 5 ሚሊ ሊትር የያዘ ጠርሙስ ከመቶ በላይ ጠብታ ይወጣዋል፤ ለሁለት ዐይን በቀን ሁለቴ ከተደረገ ወር ገደማ ነው የሚቆየው። በዐሥር ቀን ካለቀ መድኃኒቱ ጉንጭ ላይ እየፈሰሰ ነው፤ በሦስተኛው ወርም ካላለቀ እየተዘለለ ነው። ጠርሙሱን ወደ መብራት አንሥቼ ካየሁ በኋላ ነው ግፊቱን የምለካው፤ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ሳገኘው መድኃኒት ልጨምር ወይስ አጠቃቀሙን ላርም የሚለውን የሚነግረኝ ጠርሙሱ ነው። በትክክል እየተደረገም ግፊቱ ካልወረደ፣ ወይም ጠብታውን በየወሩ መግዛት ካልተቻለ፣ በዐይን ውስጥ ያለው ውሃ የሚወጣበትን መንገድ በቀዶ ሕክምና ስለ መክፈት እንነጋገራለን። ያን ዕለት ልጆቻቸውን ጠርተው እንዲመጡ እነግራቸዋለሁ። ግላኮማ በቤተሰብ ስለሚሄድ የእነሱም ግፊት መለካት አለበት።